ነጭ ነጠላ በስልክ ማንሳት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ከሽሮ ሜዳ ነጠላ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ እያመጣሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕቃ ለማምጣት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣለሁ ማለት ነው። ሱቅ የለኝም። ደንበኛዬ ጨርቁን ነክቶ፣ ገልብጦ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት አይችልም። ያንን ሁሉ የሚያደርግለት ፎቶው ነው። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ "በምን ካሜራ ነው የምታነሺው?" ስትሉኝ ነበር። በስልክ ነው፤ ያውም መካከለኛ ዋጋ ባለው ስልክ። ለውጡ የመጣው ብርሃኑን መረዳት ስጀምር ነው።

በነጭ ጨርቅ ልጀምር፤ የሁላችንም ራስ ምታት እሱ ነውና። ንጹህ ነጠላ ዘርግታችሁ ስታነሱት አመድማ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ታጥቦ ያረጀ ይመስላል። ስልካችሁ ተበላሽቶ አይደለም። ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ገምቶ ነው ብርሃን የሚመጥነው። በፎቶ ትምህርት 18 በመቶ ግራጫ የሚባለው ይሄ ነው። ምስሉ በነጭ ሲሞላበት "ብርሃን በዛ" ብሎ ይቀንሳል፤ ነጩም ወደ ግራጫ ይወርዳል። ጥቁር ልብስ ስታሳዩት ደግሞ በተቃራኒው ያነጣዋል።

መላው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ጨርቁ ጋ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ፎከሱና የብርሃኑ መጠን ይቆለፋል። ከዚያ አጠገቡ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ግፉ። ፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ የምታስተካክሉበት) ያለው ስልክ ከሆነ EV የሚለውን የብርሃን መጠን ከ0.7 እስከ 1 መጨመር ለአብዛኛው ነጠላ ይበቃል። የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁ ክሩ ይነግራችኋል። ፎቶውን አጉሉና እዩት፤ ድርና ማጉ ከጠፋ፣ ጨርቁ ወረቀት ከመሰለ፣ አልፋችኋል። ከልክ በላይ ነጥቶ የጠፋ ክር በየትኛውም ማስተካከያ አይመለስም። ትንሽ የጠቆረ ግን ይመለሳል። እኔ ስጠራጠር ወደ መጥቆሩ አደላለሁ።

አሁን ወደ መስኮቱ። ዩቲዩብ ላይ ያሉ የውጭ አስተማሪዎች ሁሉ "ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ለሀገራቸው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ሚያዝያ መግቢያና ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ናት። ያኔ ደጅ ቆማችሁ ሰው ብታነሱ ዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ የቀሚሱ እጥፋትም እንደዚያው።

የእኔ የሳሎን መስኮት ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በቀጥታ አትገባበትም፤ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይሰጠኛል። ከሚያዝያ ጀምሮ ግን ጠዋትና ማታ ትገባለች፤ ነጠላው ላይ የመስኮቱ ብረት ጥላ ይሰመራል። ለዚህ አቡጀዲ ገዛሁ። መስኮቱ ላይ ሲወጠር ኃይለኛውን ፀሐይ በትኖ ያለሰልሰዋል። ስቱዲዮ ያሉት ሶፍት ቦክስ የሚሉት ሥራው ያው ነው። መስኮታችሁ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አንሱ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ጠዋት። ፀሐይዋ ከሌለችበት በኩል ያለው መስኮት ነው ምርጡ።

ክረምትን ብዙ ሰው ይፈራዋል። "ደመና ነው፣ ፎቶ አይወጣም" ይላል። እኔ ከሁሉም የምወደው ክረምትን ነው። ደመና የሸፈነው ሰማይ ብርሃኑን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ያወርደዋል፤ ጥላው ይለሳለሳል። ለእንቁጣጣሽ የሚሸጠውን ነሐሴ ላይ ማንሳታችን ደግሞ ጥሩ ግጥምጥሞሽ ነው። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። በበጋ ግን በረንዳዬን አልሞክረውም። ሰፈራችን ገና እየተገነባ ስለሆነ አቧራው አይጣል ነው፤ ነፋሱም ነጠላውን ከእጄ ይወስደዋል። በነገራችን ላይ የስልካችሁን ሌንስ በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ጭጋጋማ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ቅባት ነው።

የቀለም ጉዳይ ከብርሃኑ መጠን የባሰ ያደክማል። ፊት ለፊቴ ያለው ብሎክ ቢጫ የተቀባ ነው። በበጋ ፀሐይ ሲያርፍበት ቢጫውን ወደ ቤቴ ይመልሰዋል፤ ነጠላውም ቢጫ ይሆናል። ጥርት ባለ ቀን ጥላ ሥር ካነሳችሁ ደግሞ የሰማዩ ሰማያዊ ይነካዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልብስ ጋር መጀመሪያ አንድ ነጭ የፕሪንተር ወረቀት አስቀምጬ አነሳለሁ። ስናፕሲድ የሚባለው የጉግል ነጻ አፕ ላይ ዋይት ባላንስ በሚለው የነጭ ቀለም ማስተካከያ ውስጥ ጠብታ ምልክት አለች፤ እሷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋለሁ። የሚመጣውን ቁጥር ለቀሩት ፎቶዎች እደግመዋለሁ። ጠብታዋን ነጠላው ላይ አታሳርፉት። በእጅ የተፈተለ ጥጥ የራሱ ወተትማ ቀለም አለው። እሱን ካጠባችሁት ፍትሉ የፋብሪካ ጨርቅ ይመስላል፤ ደንበኛው የከፈለበትን ነገር ራሳችሁ ሰረዛችሁት ማለት ነው።

ፍላሽ አልጠቀምም። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን የሽመናውን ወጣ ገባ ይደፈጥጠዋል። ጥለቱ ላይ ያለው ወርቀ ዘቦ ደግሞ ቦግ ብሎ ቀለሙ ይጠፋል። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ክር ትንሽ ጥላ ይኖረውና ጋቢው ውፍረቱ ይታያል። ልብሱን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቄ፣ መስኮቱን በጎን በኩል አደርጋለሁ። በሌላኛው ጎን ነጭ ካርቶን አቆማለሁ፤ ብርሃኑን መልሶ የጨለመውን ጎን ያነሳዋል። ካርቶኑን ከስቴሽነሪ ነው የገዛሁት። ዋጋው ከሪንግ ላይት ጋር አይወዳደርም።

ማታ ማንሳት ግድ ሲሆን ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖል ሌላ ጣጣ ያመጣል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይተኛል። ፕሮ ሞድ ላይ የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ማድረግ አብዛኛውን ያጠፋዋል። እኔ ግን ማታውን ለካውያ ትቼዋለሁ። መብራት ካለ ማታውኑ እተኩስና ጠዋት አነሳለሁ። ያልተተኮሰ ነጠላ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያዋጣም፤ የጎን ብርሃን እያንዳንዷን ጭምድድ ያወጣታል።

ለጀርባ ሰሌን ነው የምጠቀመው። ነጭ በነጭ ላይ ጠርዙ ይጠፋል፤ ሰሌን ላይ ግን ነጠላው ራሱን ይገልጣል። ጀበና፣ ሲኒ፣ ፈንዲሻ፣ ቄጠማ ደርድሮ መሃል ላይ ቀሚስ ማኖር ግን ይቅርብን። ምን እንደምንሸጥ አይታወቅም! አንዲት ደንበኛ የረከቦቱን ዋጋ ጠይቃኛለች።

አነሳሱ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ተጠግታችሁ በዋናው ሌንስ ስታነሱ ለካሜራው የቀረበው ክፍል ይገዝፋል፤ ቀሚሱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። ራቅ በሉና ስልካችሁ የ2 እጥፍ ሌንስ ካለው በእሱ አንሱ። ስልኩን ደግሞ ወደ ልብሱ ወገብ ቁመት አውርዱት። ሌላው ፖርትሬት ሞድ ነው። ለሰው ፊት ያምራል፤ ለነጠላ ግን የዘርፉን ክሮች ከጀርባው ጋር አምታቶ ያደበዝዛቸዋል። ዘርፉ የተበላ ነጠላ ማን ይገዛል?

ቴሌግራም በአንድ ልጥፍ እስከ 10 ፎቶ ይቀበላል። እኔ ሙሉውን ልብስ፣ ጀርባውን፣ ጥለቱን በቅርበት፣ ስፌቱን ከውስጥ በኩል፣ ከዚያ ሰው ለብሶት አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው አያየውም። ነጠላ ከሆነ አንዱን ፎቶ ብርሃን ከኋላ አድርጌ አነሳለሁ፤ ስስነቱን የሚጠይቀኝ ሰው ቀንሷል። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ፣ ውጭ ሀገር ያሉ ደንበኞች ጥለቱን በደንብ ማየት ሲፈልጉ እንደ ፋይል እልክላቸዋለሁ። እንዳለ ይደርሳል። ፊልተር የሚባል ነገር አልነካም። ቀይ ጥለት ብርቱካን ሆኖ ታይቶ ዕቃው ሲመለስ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ ከማን ኪስ ይወጣል?

ዋጋም ጻፉ። "ዋጋ በውስጥ መስመር" ከፎቶ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። አገናኝቶታል፤ ያማረ ፎቶ አይቶ ዋጋ ያጣ ሰው ያልፋል እንጂ አይጠይቅም። ይሄ የእኔ እምነት ነው፤ የማይስማማ ይኖራል።

አሁን የያዝኩት የሠርግ ካባ ነው። ጥቁር ከፋይ ላይ የወርቅ ጥልፍ። EVውን ከ0 በታች ሳወርደው ጥቁሩ ጥቁር ይሆንልኛል፣ ጥልፉም ቀለሙን ይይዛል። ከፋዩ ግን እያንዳንዷን ብናኝ ሰብስቦ ያሳያል፤ በእጅ በተደባበሰ ቁጥርም የጸጉሩ አቅጣጫ እየዞረ ቀለሙ ይለዋወጣል። በሰፊ ፕላስተር እየለቀምኩ ነው፤ ግን ጥልፉን እንዳይነጭብኝ እሰጋለሁ። ካባ የምትሸጡ ወይም የምታከራዩ ካላችሁ፣ ብናኙን በምን እንደምታነሱት ጻፉልኝ።