ሱባ ደን ውዬ መጣሁ

እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው ይህን የምጽፈው። ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር መናገሻ ሱባ ደን ዋልን። የሄድነው በሰበታ በኩል ነው። ከአስፋልቱ ከተገነጠልን በኋላ ያለውን ኮረኮንች አታንሱብኝ።

ጫካው ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚለወጠው አየሩ ነው። ቀዝቀዝ ይላል፣ ጽድ ጽድ ይሸታል። ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ አናታችሁ ላይ ይገጥማል። አንዱን ጽድ ለሦስት እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞከርን። አልቻልንም! በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ይባላል። እኔ ደግሞ በረንዳዬ ላይ የተከልኳትን ጤና አዳም እንኳ ማጽደቅ አቅቶኛል።

ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያዘናፈሉ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ስልክ እስክናወጣ አይጠብቁም፤ ፎቶ የለኝም፣ እመኑኝ።

ከዚያ የወጨጫ ተራራ ዳገት መጣ። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ትልልቆቹ ዛፎች ይቀራሉ፣ ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ። ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እኛ በውድ ስኒከር እያለከለክን፣ አንድ እረኛ ልጅ በኮንጎ ጫማ ሽው ብሎ አለፈን። ዞር ብሎ አየንና በኦሮምኛ ጓደኛውን አንድ ነገር አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችንም ሳቀ። ምን እንዳሉ እስካሁን አልነገረንም።