ሮኬት ሊግ፦ ሦስት ለሦስት ሲሆን ከትርምሱ የወጣሁበት መንገድ

ሮኬት ሊግ በመኪና የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው። በ2015 ወጣ፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በነፃ ሆነ። ጨዋታው 5 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ለሦስት ሲሆን ስድስት መኪና አንድ ኳስ ላይ ይረባረባል። ብዙ ሰው አየር ላይ መብረርን ቀድሞ ሊለምድ ይሞክራል። እኔን ያሻሻለኝ ግን ኳሱን ለጓደኛ ትቶ ዞሮ መመለስ ነው።

መጀመሪያ የነካሁት ካሜራውን ነው። ሲከፈት የሚመጣው እይታ ጠባብ ስለሆነ ከጎን የሚመጣውን መኪና አያሳይም። የእይታውን ስፋት 110፣ ርቀቱን 270፣ ከፍታውን 100 አደረግኩ፤ የካሜራውን መንቀጥቀጥ አጠፋሁ። ካሜራውን ኳሱ ላይ የሚያስረው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ይቆይ። የማጠፋው ቡስት (መኪናውን የሚያፈጥነውን ኃይል) ለማንሳት ስዞርና ኳሱን በአፍንጫ እየገፋሁ ስነዳ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቡስት። ሲጀመር 33 ይሰጣል፤ ጣሪያው 100 ነው፣ እሱም ቁልፉን ተጭነው ከያዙት በ3 ሰከንድ ያልቃል። ሜዳው ላይ 6 ትልልቅና 28 ትንንሽ የቡስት ቦታዎች አሉ። ትልልቆቹ፣ በአራቱ ማእዘንና በመሐል ሜዳው ግራና ቀኝ ያሉት፣ 100 ይሞላሉ፤ ከተነሱ በ10 ሰከንድ ይመለሳሉ። ትንንሾቹ 12 ይሰጣሉ፣ በ4 ሰከንድ ይመለሳሉ። የኋላ ተከላካይ ሆኖ ለ100 ብሎ ማእዘን የሄደ ሰው ጎሉን ከፍቶ ነው የሄደው። በመመለሻ መንገዴ ላይ ሦስት ትንንሽ ካነሳሁ 36 አለኝ፤ አንድ ኳስ ለማውጣት ይበቃል። ቡስት ጭራሽ ካለቀ ዘልሎ ወደፊት መገልበጥም ፍጥነት ይጨምራል። ከመጀመሪያው ዝላይ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በላይ ካለፈ ግን ሁለተኛው ዝላይ፣ ማለትም መገልበጡ፣ ይቃጠላል።

ዋናው ነገር ዙሩ ነው። አንደኛው ኳሱ ላይ ይሄዳል፣ ሁለተኛው የሚሻማውን ወይም የሚተፋውን ኳስ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ከኋላ ይቆማል። አንደኛው ኳሱን ከነካ በኋላ፣ ቢሳካም ባይሳካም፣ ወጥቶ ሦስተኛ ይሆናል። ሁለት ሰው አንድ ኳስ ላይ ከዘለለ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ተጋጣሚም በሁለት ንክኪ ባዶ ጎል ፊት ይደርሳል።

መመለሻው በየት በኩል እንደሆነም ወሳኝ ነው። ኳሱ በግራ ማእዘናችን ነው እንበል፤ ጓደኛዬ እዚያ እየታገለ ነው። በግራ ከተመለስኩ ከእሱ ጋር እጋጫለሁ፤ ፊቴም ወደ ጎላችን ስለሆነ የተሻማውን ኳስ ብነካው የሚገባው ራሳችን ላይ ነው። በቀኝ ዞሬ የሩቁ ቋሚ ጋ ስደርስ የመንሸራተቻውን ቁልፍ ይዤ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞራለሁ። ያኔ ኳሱም፣ ተጋጣሚውም፣ የጎሉ አፍም በሙሉ ከፊቴ ናቸው።

ሲመቱ ደግሞ ኳሱ በአብዛኛው የሚሄደው አፍንጫው ወዳየበት ሳይሆን ከተነካበት ቦታ ተቃራኒ ነው፤ ግራ ጎኑን ከነኩት ወደ ቀኝ ይወጣል። ስለዚህ ተቻኩሎ በሰያፍ ከመምታት ትንሽ ዞሮ ኳሱን በመኪናውና በጎሉ መካከል ማድረግ ይሻላል። ልክ ሲደርሱበት መገልበጥ ኃይል ይጨምርለታል።

በመክፈቻው ኳስ የቀረበው ይሂድ፤ እኩል ከሆኑ የግራው ይሄዳል የሚለው በተጫዋቾች ዘንድ የተለመደ ነው። ከፍተኛውን ፍጥነት የያዘ መኪና ተጋጣሚን ሲመታ ያፈነዳዋል፤ የፈነዳው ግን በ3 ሰከንድ ይመለሳል። ለዚያ ብሎ ሜዳውን አቋርጦ ከቦታ መጥፋት ኪሳራ ነው።

ጎል ሲገባብን ቅጂውን አስቀምጬ ከጎሉ 10 ሰከንድ ወደኋላ አያለሁ። ስህተቱ ብዙ ጊዜ በረኛው ጋ አይደለም፤ መሐል ሜዳ ላይ ተራው ሳይሆን የገባው ሰው ጋ ነው።

ሰዓቱ 0 ሲሆንም ጨዋታው አያልቅም፤ ኳሱ መሬት እስኪነካ ይቀጥላል። እየመራን ከሆነ ኳሱን ወደ መሬት እጥላለሁ፤ እየተመራን ከሆነ አየር ላይ ማቆየት ነው።