በኬሚስትሪ ቢ አምጥቼ ሕክምና የገባሁበት መንገድ

እንግሊዝ አገር በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወሰደውን ኤ ሌቭል የተፈተንኩት በጁን 2023 ነው። በባዮሎጂ ኤ፣ በታሪክ ኤ፣ በኬሚስትሪ ቢ አመጣሁ። የያዝኩት ኦፈር፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው "ይህን ካመጣሽ እንቀበልሻለን" ያለኝ ቃል፣ ሦስት ኤ የሚል ስለነበር ቦታው አመለጠኝ። በዓመቱ ኬሚስትሪን ብቻ ደግሜ ተፈትኜ ኤ አገኘሁና አሁን እዚሁ እንግሊዝ አገር ሕክምና እየተማርኩ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴን ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟት እናቶች ስልኬን እየወሰዱ ይደውሉልኛል፤ "የኔም ልጅ ቢ አመጣች፣ በቃ ቀረ ማለት ነው?" ይሉኛል። አልቀረም። ግን ልጅቷ መጽሐፏን ከመግለጧ በፊት የትኛው ዩኒቨርሲቲ ድጋሚ ውጤትን እንደሚቀበል ማወቅ አለባት። ይህን ሳያጣራ ዓመቱን ሙሉ አጥንቶ፣ ኤ አምጥቶ፣ በሩ ቀድሞም ለእሱ ዝግ እንደነበረ የተረዳ ልጅ አውቃለሁ። እሱን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ወላጆቻችን የሚያውቁት ማትሪክን ነው። አገር ቤት አንድ ብሔራዊ ፈተና አለ፣ መቁረጫ ነጥብ ይወጣል፣ ምደባውን ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣል። እዚህ ፈተናውን የሚያወጡት እነ ኤኪውኤ፣ ኦሲአርና ፒርሰን ኤድኤክሴል ናቸው፤ ማን ይግባ የሚለውን ግን እያንዳንዱ ሜዲካል ስኩል በራሱ ደንብ ይወስናል። አንዱ "ድጋሚ የተፈተነ አንቀበልም" ሲል ጎረቤቱ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይቀበላል። ስለዚህ "ሕክምና ለመግባት ስንት ያስፈልጋል?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም።

የትምህርት ምርጫው የሚመጣው ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ነው። ኬሚስትሪን አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች ይጠይቃሉ። ባዮሎጂንም ብዙዎቹ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከሁለቱ አንዱ ከሌላ ሳይንስ ወይም ከሒሳብ ጋር ይበቃናል ይላሉ። ሁለቱንም የያዘ ልጅ በትምህርት ምርጫው ምክንያት የሚከለከልበት ቦታ ጥቂት ነው። ጭቅጭቁ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። እኔ ታሪክ ስመርጥ ቤታችን ሰላም አልነበረም። የእናቴ ወንድም፣ አገር ቤት መሐንዲስ የነበረው፣ "ሐኪም የሚሆን ሰው ፊዚክስ ትቶ ታሪክ?" ብሎ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሦስተኛው ትምህርት ምንም ይሁን ምን አይከፋቸውም፤ የማይቆጥሩት እንደ ጀነራል ስተዲስና ክሪቲካል ቲንኪንግ ያሉትን ነው። ታሪክ ደግሞ ከጠቅላላ ውጤቱ 20 በመቶው ከፈተና በፊት ተሠርቶ የሚያልቅ የጽሑፍ ሥራ ነው። የኔ ከአድዋ ጀምሮ ባለው የኢትዮጵያና የጣሊያን ግንኙነት ላይ ነበር፤ አጎቴ ይህን ሲያነብ ኩርፊያውን ተወ። በጁን ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ሲወርድብኝ የታሪክ አንድ አምስተኛው እጄ ላይ መኖሩ ትልቅ እፎይታ ነበር። በኤኪውኤ ባዮሎጂ ሦስተኛው ወረቀት መጨረሻ ላይ ደግሞ 25 ማርክ የያዘ ረጅም ድርሰት አለ፤ ለእሱ ድርሰት ያዘጋጀኝ የታሪክ ክፍሌ ነው።

ሒሳብን ያልመረጠ ልጅ ግን አንድ ነገር ይወቅ። ከኬሚስትሪ ማርኮች ቢያንስ 20 በመቶው፣ ከባዮሎጂ ደግሞ ቢያንስ 10 በመቶው የሒሳብ ችሎታን የሚፈትን ነው። ሎጋሪዝምን የተማርኩት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) ለማስላት ብቻ ነው፤ ያ በቂ ነበር።

አራት ትምህርት ስለመያዝ ብዙ ይጠይቁኛል። ኦፈር የሚሰጠው በሦስት ነው። አራተኛው ሦስቱን የሚጎዳ ከሆነ ይቅር። አማርኛም ኤ ሌቭል የለውም፤ ዐረብኛ፣ ቱርክኛ፣ ኡርዱና ፖሊሽ አላቸው፣ የኛ ግን የለም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የሚቆጥሩበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን እዚያ እንዲደርስ እመኛለሁ።

የ2023 ተፈታኞች የተለየ ዕጣ ነበረን። በ2021 በ16 ዓመት የሚወሰደው የጂሲኤስኢ ፈተና በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ ውጤታችንን የሰጡን መምህራኖቻችን ነበሩ። ብዙዎቻችን ትልቅ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ገብተን የተቀመጥነው ኤ ሌቭል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በዚያው በ2023 እንግሊዝ አገር የውጤት አሰጣጡ ከኮሮና በፊት ወደነበረው ደረጃ ተመለሰ። በመላ ብሪታንያ ኤና ከዚያ በላይ ያገኙ ውጤቶች በ2022 36.4 በመቶ ነበሩ፤ በ2023 ወደ 27.2 በመቶ ወረዱ። ያን ዓመት ልጃቸው ያሰቡትን ያላመጣላቸው ወላጆች ይህን ቢያውቁ ልጁን ሰነፍ ነው አይሉም ነበር።

ውጤት የሚወጣው ኦገስት አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ነው። በኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ይውላል። ያን ቀን ጠዋት ማድረግ ያለብኝን ከመምህሬ ጋር ቀድሜ ተነጋግሬ ነበር፤ ይህ በኋላ ብዙ ጠቅሞኛል። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ደወልኩ፤ ቦታ የለም አሉኝ። ከዚያ የኬሚስትሪ መልስ ወረቀቶቼ ቅጂ እንዲመጣልኝ በትምህርት ቤቱ በኩል ጠየቅሁ። እርማት ይታይልኝ ከማለት በፊት ወረቀቱን ማየት ይቻላል፤ ቢታይ ደግሞ ውጤቱ ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ቦታ የተንጠለጠለበት ልጅ በአስቸኳይ እንዲታይለት የሚጠይቅበት መንገድ አለ፤ ቀነ ገደቡ ግን በጣም አጭር ስለሆነ በዚያው ሳምንት መወሰን ያስፈልጋል።

ወረቀቶቹን ከመምህሬ ጋር ቁጭ ብለን ስናያቸው እርማቱ ትክክል ነበር። ስለዚህ ይታይልኝ አላልኩም። ግን ከዚያ ወረቀት የተማርኩትን ያህል ከየትኛውም መጽሐፍ አልተማርኩም። የኤኪውኤ ኬሚስትሪ ሦስት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አንደኛውና ሁለተኛው 105 ማርክ፣ ሦስተኛው 90 ማርክ አላቸው። ሦስተኛው ላይ 40 ማርክ ስለ ቤተ ሙከራ ሥራ ነው፣ 30ው ምርጫ ጥያቄ ነው። ያጣኋቸው ማርኮች አንድ ርዕስ ላይ የተከማቹ ሳይሆኑ በሦስቱም ወረቀት ላይ አንድ አንድ እያሉ የተበተኑ ነበሩ። የኦርጋኒክ ሜካኒዝም ላይ የኤሌክትሮኑ ቀስት ከቦንዱ ወይም ከነጠላ ጥንዱ መነሳት አለበት፤ አጠገቡ ከተነሳ ማርክ የለም። የኤንታልፒ ትርጉም ላይ "በጋዝ መልክ" የሚለው ቃል ከጎደለ ሐሳቡ ቢገባም ማርኩ ይሄዳል። የትራንዚሽን ሜታል ብጥብጦች ቀለም ላይ "ሰማያዊ" እና "ደማቅ ሰማያዊ" አንድ አይደሉም። ከዚያ ቀን በኋላ ያጠናሁት ኬሚስትሪን እንደ አዲስ አልነበረም፤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከእርማት መመሪያቸው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ መመሪያው የሚጠይቀውን ቃል በትክክል መጻፍን ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ደግሞ መፈተን ስንት ጊዜም ይቻላል፤ አገሪቱ ገደብ አላስቀመጠችም። ገደቡ ያለው ዩኒቨርሲቲዎቹ ዘንድ ነው። አንዳንዶቹ በአንድ ዙር የተገኘ ውጤት ብቻ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ሕመም ወይም ሐዘን እንደደረሰበት በማስረጃ ላሳየ ብቻ ይፈቅዳሉ። አንዳንዶቹ የመጀመሪያው ውጤት ከዚህ በታች መሆን የለበትም ይላሉ፤ ሌሎቹ በድጋሚው ከተለመደው ከፍ ያለ ውጤት ይጠይቃሉ። አንድ ትምህርት ብቻ መድገም የሚፈቅዱም አሉ። የሜዲካል ስኩሎች ካውንስል በየዓመቱ የሁሉንም የመግቢያ መስፈርት በአንድ ሰነድ ያወጣል፤ እኔ ከእሱ ጀመርኩ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ ገጽ አነበብኩ፣ ግልጽ ያልሆነልኝን በኢሜይል ጠየቅሁ። ኢሜይሉ አጭር ነበር፦ ያመጣሁት ይህ ነው፣ የምደግመው ይህን ብቻ ነው፣ በዚህ ዓመት ትቀበሉኛላችሁ? መልሶቹን ሁሉ አስቀመጥኳቸው። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በሚቀበለው ድርጅት በዩካስ በኩል ለሕክምና የሚመረጠው አራት ቦታ ብቻ ስለሆነ አንዱንም በግምት መሙላት አይገባም። የሚኮሩበት ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ከዝርዝሬ ሲወጣ እናቴ ከፋት፤ ቁጭ ብዬ መልሱን ተርጉሜ ሳነብላት ግን ገባት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እንግሊዝ አገር ኤ ሌቭል የሚደገመው በሜይና ጁን ብቻ ነው። ድሮ የነበረው የጃንዋሪ ዙር ቀርቷል። ጃንዋሪና ኦክቶበር ላይም የሚሰጠው ኢንተርናሽናል ኤ ሌቭል ከብሪታንያ ውጭ ላሉ ትምህርት ቤቶች ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አገር ያለ የአክስት ልጅ ስለተፈተነው እዚህ ያለው ይፈተነዋል ማለት አይደለም። በአዲሱ ሥርዓት ደግሞ የሚደገመው አንድ ወረቀት ሳይሆን የትምህርቱ ወረቀቶች በሙሉ ናቸው። ለቤተ ሙከራ ሥራ ለብቻው የሚሰጠው ማለፊያ ግን ካለፈው ዓመት ይያዛል። ለግል ተፈታኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለዚያ ቤተ ሙከራ የሚያሠራ ጣቢያ ፈልጎ ብዙ ገንዘብ መክፈል ይመጣል።

ዩካት የሚባለው የሕክምና መግቢያ ፈተና ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል፤ ውጤቱም ለዚያ ዓመት ማመልከቻ ብቻ ያገለግላል። የኤ ሌቭል ውጤት ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ውጤቴን ሳላውቅ ለሴፕቴምበር ቀጠሮ ይዤ ነበር፤ ብገባ ኖሮ እሰርዘው ነበር። የዩካስ ማመልከቻ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ይዘጋል። የድሮ ትምህርት ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤና በኬሚስትሪ የሚጠበቅብኝን ግምታዊ ውጤት መስጠት ነበረበት፤ ይህን የጠየቅሁት ውጤት በወጣበት ቀን፣ መምህሮቹ እዚያው እያሉ ነው።

በዓመቱ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሠራሁ። ለማመልከቻ ብዬ ጀመርኩት እንጂ ከዚያ በላይ ሆነልኝ። እዚያ ካሉት አዛውንቶች አንዷ የመርሳት ችግር ነበራቸው፤ ሲመሽ ቤቴ ልሂድ እያሉ ይነሳሉ። አብሬያቸው ኮሪደሩን እየተመላለስኩ ስለ ድሮ ሰፈራቸው አስወራቸው ነበር። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ትዕግሥት ሲጠይቁኝ ያወራሁት ስለ እሳቸው ነው። "ለምን ኬሚስትሪ ደገምሽ?" የሚለውም ጥያቄ መጣ። ሰበብ አልደረደርኩም፤ ወረቀቶቼን እንዴት እንዳየሁ፣ ምን እንደቀየርኩ ነገርኳቸው። ሁለት ቦታ ኦፈር ሰጡኝ፤ ሁለቱም በኬሚስትሪ ኤ የሚል።

የ2024 ፋሲካ ሜይ 5 ዋለ። ሁዳዴ ሙሉውን የጥናት ጊዜ ወሰደ። እናቴ ጠዋት ሥራ ስትሄድ የጾም ወጡን ሠርታ ትሄዳለች፤ እኔ ከሰዓት ፈረቃ እስክገባ የፈተና ወረቀት እሠራለሁ። የመንፈስ አባታችንን ስለ ጾሙ ስጠይቃቸው እንደ አቅሜ እንዳደርግ ነገሩኝ። የፋሲካ እንግዳ ከወጣ በኋላ እስከ ጁን ድረስ ሙሉ ፈተናዎችን ሰዓት ይዤ ሠራሁ፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል ሳይጎድል መጻፍ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። ኦገስት 15 ኤ ወጣልኝ። እናቴ ከቅዳሴ ሳትመለስ ስለነበር ለአጎቴ ነው መጀመሪያ የነገርኩት፤ ስልኩ ላይ አለቀሰ።

አሁን ለሚያመለክቱ ልጆች የተለወጡ ነገሮች አሉ። ዩካት ከ2025 ጀምሮ የቅርጽ ጥያቄዎቹን አውጥቷል፤ ጠቅላላ ነጥቡም ከ3600 ወደ 2700 ወርዷል፤ ስለዚህ የድሮ ነጥብ ይዞ ማነጻጸር ያሳስታል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠይቁት የነበረው ቢማት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ከ2023 በኋላ የለም። አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው የዩካስ የግል ጽሑፍ ለ2026 ከሚገቡት ጀምሮ በሦስት ጥያቄ ተከፍሏል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የዩካትን ክፍያ የሚሸፍን ድጋፍ አለ፤ በትምህርት ቤት ነጻ ምሳ የምታገኙ ልጆች ጠይቁ። ዝቅ ያለ ውጤት የሚጠይቁ የመሰናዶ ዓመት ያላቸው መርሐ ግብሮችም አሉ፣ ለምሳሌ በኪንግስ ኮሌጅ ለንደንና በሳውዝሃምፕተን፤ ማን ማመልከት እንደሚችል ግን በጥብቅ የተወሰነ ነው።

የግል ተፈታኝ የምትሆኑ የፈተና ጣቢያ የምትፈልጉት ኖቬምበር ላይ ይሁን። የምዝገባው ጊዜ ፌብሩዋሪ 21 ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ቅጣት አለ፣ ጥሩ ጣቢያዎች ደግሞ ከዚያ በፊት ይሞላሉ። ጣቢያው የተማራችሁበትን የፈተና ድርጅት መስጠቱን አረጋግጡ፤ ድርጅቱ ከተቀየረ የትምህርቱ ይዘት ይቀየራል። ወላጆች ደግሞ፣ ወደ አዲስ አበባ የምትቆርጡት ትኬት በጁን መጨረሻ ላይ ከሚውለው የመጠባበቂያ ቀን በኋላ ይሁን። ፈተና በሆነ ምክንያት ቢሰረዝ የሚካካሰው በዚያ ቀን ነው፤ ልጁ እስከዚያ አገር ውስጥ መሆን አለበት።