ከወረዳ በላይ፣ ከባሕር ዳር በታች

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከብቸና በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ደብረ ማርቆስ ከሚገኘው ቢሮዬ ገብተው፣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የፍርድ ግልባጭ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ከድንበር አዋሳኛቸው ጋር በአንዲት ቁራጭ መሬት ሲሟገቱ ቆይተው በወረዳው ፍርድ ቤት ተረትተዋል፤ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ቢሉም ችሎቱ ባላጋራቸውን ሳይጠራ «ይግባኙ አያስቀርብም» ብሎ መዝገቡን ዘግቷል። እርሳቸው ግን ብዙም አልተከፉም። «ይኼኛውስ መንገድ ላይ ያለ ነው፤ ዋናው ባሕር ዳር ነው አይደል ልጄ? እዚያ ምስክሮቼን እንደገና ይሰሙልኛል» አሉኝ። «አያ፣ ምስክር የሚሰማበት ጊዜ እኮ አለፈ» ለማለት ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ።

ይህ አስተሳሰብ የእርሳቸው ብቻ ባለመሆኑ ነው ዛሬ ስለ መካከለኛው ፍርድ ቤት ለመጻፍ የተነሣሁት። ብዙ ባለጉዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤትን የሚያየው አዲስ አበባ ሲወርድ ደጀን ላይ ቆሞ ሻይ ጠጥቶ እንደሚያልፈው ነው፤ የመንገዱ መጨረሻ ሌላ ቦታ ነው ብሎ ያምናል። በእኔ ልምድ ግን አብዛኛው ክርክር በእውነት የሚያልቀው እዚያው፣ ባለጉዳዩ ለማለፍ ብቻ በገባበት ችሎት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 ክልሎች ጠቅላይ፣ ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እንደሚኖራቸው ይደነግጋል። በእኛ ክልል የመጀመሪያው እርከን በወረዳ፣ ሁለተኛው በዞን ደረጃ የተዋቀረ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባሕር ዳር ተቀምጧል። በወረዳው ፍርድ ቅር የተሰኘ ሰው በፍትሐ ብሔር ጉዳይ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኙን ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ያቀርባል። ይህንን የሚለው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲሆን፣ ይኸው ሕግ በአንቀጽ 337 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከሥር ፍርድ ቤቱ ጋር ከተስማማ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ይግባኙን እንዲዘጋ ይፈቅዳል። አዛውንቱን የገጠማቸው ይኸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር ባለጉዳዮች በጊዜ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የወረዳውን ውሳኔ ካሻሻለው ወይም ከሻረው፣ ሁለቱ ፍርድ ቤቶች ስላልተስማሙ ሁለተኛ ይግባኝ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ካጸናው ግን መደበኛው የይግባኝ መንገድ በዚሁ ይዘጋል። የሚቀረው የሰበር አቤቱታ ነው፤ የሰበር ችሎት ደግሞ የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን እንጂ የትኛው ምስክር እውነቱን እንደተናገረ አይደለም። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን እንደገና ለመመርመር ሥልጣን ያለው የመጨረሻው ዳኛ ብዙውን ጊዜ የዞኑ ዳኛ ነው ማለት ነው።

የአዛውንቱ ተስፋ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። እስከ 1966 ዓ.ም. በነበረው ሥርዓት ከወረዳ፣ ከአውራጃ፣ ከከፍተኛና ከጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ነበረ፤ የጎጃም ባለርስትም ስንቁን ቋጥሮ ዓባይን ተሻግሮ አቤት ይል ነበር። «በሚስትና በርስት ዋዛ የለም» የሚል ሕዝብ ክርክሩ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲቋጭ በቀላሉ አይቀበልም። ከሁሉ በላይ ያለው ዳኛ ሁሉንም ነገር ከሥሩ ጀምሮ ያያል የሚለው እምነት ከዚያ ዘመን የወረስነው ይመስለኛል።

ነገሩ በሌላ አገር እንዴት እንደሆነ ማየት የእኛን ለመረዳት ረድቶኛል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የፍርድ ቤት ሥርዓት አለው፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያ ደረጃና በከፍተኛው ፍርድ ቤት መካከል ይግባኝ ብቻ የሚሰማ ፍርድ ቤት አቋቁመዋል። እዚያ የሚሰየሙት በተለምዶ 3 ዳኞች ናቸው፤ ምስክር አይሰሙም፣ ያነበቡትን መዝገብና የጠበቆችን ክርክር ይዘው ይወስናሉ። የተረታ ሰው ይህን አንድ ይግባኝ በመብቱ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ያለው ፍርድ ቤት ግን በአብዛኛው የሚሰማውን ጉዳይ ራሱ ይመርጣል። እንደ ዋዮሚንግ፣ ሞንታናና ቨርሞንት ያሉ የሕዝባቸው ቁጥር አነስተኛ የሆነ ግዛቶች መካከለኛ ፍርድ ቤት ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ። ኔቫዳ ግን የከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ስለበዛ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅደው በ3 ዳኞች አንድ አቋቁማለች፤ ይግባኙ ሁሉ መጀመሪያ ለላይኛው ፍርድ ቤት ይቀርብና እርሱ የመረጠውን ወደ መካከለኛው ይመራል። ስም እንደሚያሳስት ደግሞ ኒውዮርክ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ እዚያ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» የሚባለው ክስ የሚጀመርበት ሲሆን፣ የመጨረሻው ፍርድ ቤት «የይግባኝ ፍርድ ቤት» ይባላል። አዛውንቱ ይህን ቢሰሙ «እነርሱም ተምታቶባቸዋል» ሳይሉ አይቀሩም።

በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የእኛ መካከለኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብቻ የሚሰማ አለመሆኑ ነው። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የገንዘብ መጠናቸው ከፍ ያሉ ክሶችንና ከባድ ወንጀሎችን በመጀመሪያ ደረጃ ያያል፤ ጠዋት ምስክር ሲያስምል የነበረ ዳኛ ከሰዓት በኋላ የወረዳ ይግባኝ ሊመረምር ይችላል። ክሱ ከዞን ከተጀመረ የመጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው ባሕር ዳር ይሆናል። በዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌዴራል ጉዳይ የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ ከባሕር ዳር የወጣ ውሳኔ በይግባኝ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊሄድ ስለሚችል፣ ለእኛ የመጨረሻ የሚመስለን ፍርድ ቤት ራሱ መካከለኛ ይሆናል። ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው መዝገቡ የት እንደተከፈተ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ የሚያውቀው የወረዳው ዳኛ የጻፈውን ብቻ ነው። ምስክሩ ሲጠየቅ የተንተባተበበት፣ አሻግሮ ወደ አጎቱ ያየበት ቅጽበት ወረቀቱ ላይ የለም፤ «ድንበሩ ከዋርካው በታች ነው ብሎ መስክሯል» የሚለው ብቻ ተጽፏል። በይግባኝ ደረጃ አዲስ ነገር ማንሣት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 329 የተከለከለ ነው፤ ተጨማሪ ማስረጃ የሚፈቀደውም ከስንት አንዴ ነው። በመሆኑም የይግባኝ ቅሬታ ዋጋ የሚኖረው ዳኛው በመዝገቡ ውስጥ የትኛውን ገጽ፣ የትኛውን ቃል ማየት እንዳለበት ሲያመለክት ነው። እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር «ፍርዱ አግባብነት የሌለውና ሚዛናዊነት የጎደለው ነው» እያልኩ ሦስት ገጽ እሞላ ነበር። ያ ሁሉ ገጽ ለዳኛው ምንም አልነገረውም፤ አያስቀርብም ተብሎ ሲመለስልኝ ግን ዳኛውን እወቅስ ነበር።

ይህን ስል ችሎቶቹን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። «የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚነቀፍበት ምክንያት ባለመኖሩ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋ መዝገብ፣ የመጨረሻው የፍሬ ነገር ምርመራ መሆኑ ሲታሰብ፣ ለእኔ በቂ አይደለም። አንቀጽ 337 ጉዳይን ለማፍጠን አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ የዞን ዳኞች በመዝገብ ክምር ይዋጡ ነበር። ቢሆንም ሦስት ወይም አራት መስመር ጨምሮ ለምን እንደተስማሙ መግለጽ ጊዜ አይፈጅም፤ ተረቺውም ቢያንስ መሰማቱን ያውቃል። በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 በተጀመረውና አሁን በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234 በቀጠለው ድንጋጌ መሠረት፣ የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የክልል ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። የመካከለኛው ፍርድ ቤት ምክንያት ካልተጻፈ ያ ትርጉም በጎጃም ገጠር መሬት ላይ በትክክል መሠራቱን በምን እናውቃለን?

የአዛውንቱን መዝገብ ሙሉ ግልባጭ አስወጥተን አብረን አነበብነው፤ እኔ እያነበብኩ እርሳቸው «አዎን፣ እንዲህ ብሏል፣ ውሸቱን ነው» እያሉ። መሐል ላይ አንድ ነገር አገኘን። መሬቱ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ተለክቶ በይዞታ ደብተራቸው ላይ ካለው ጋር እንዲመሳከር ጠይቀው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ሳይቀበልም ሳይነፍግም አልፎታል። ስለ ምስክሮቹ ውሸት አንድም ቃል ሳላነሣ፣ በዚህች ነጥብ ላይ ብቻ የሰበር አቤቱታ ጻፍኩ። ሳነብላቸው አንድ ገጽ አልሞላችም።

«ይህቺው ናት?» አሉኝ።

«ይህቺው ናት፣ አያ።»

ወረቀቷን እያገላበጡ ጀርባዋን ጭምር አዩት፤ ከዚያ መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯትና የባሕር ዳር መኪና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚወጣ ጠየቁኝ።