ከእማዬ ጋር ፊልም ማየት፦ የሦስት ወር ማስታወሻዬ

ያልለመድኳቸውን ፊልሞች ማየት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ስጀምር ያሰብኩት በሳምንት ሁለት ፊልም ለማየት ነበር፤ ያውም ከለመድኩት ዓይነት ውጪ። የተሳካልኝ በሳምንት አንድ ነው። እሱም ያልተሳካባቸው ሳምንታት አሉ። ደብተሬ ላይ አሥራ አንድ ፊልሞች ሰፍረዋል። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ የሆነ ነገር ያስተማሩኝን ብቻ ላካፍላችሁ።

እኔ ፊልም የለመድኩት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጣበን እንቀመጣለን፣ አክሽን ይከፈታል፣ በቃ። ድብድብ ከሌለበት ፊልም አይመስለኝም ነበር። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ልማድ መጣ። ዓይኔ ከስክሪኑ ግርጌ አይነሳም፤ ሰብታይትሉን ሳነብ ፊልሙ ያልቃል። ታሪኩን ለሰው መናገር እችላለሁ፣ ምን አየህ ብባል ግን መልስ የለኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንኩ። ስልኬ ሌላ ክፍል ያድራል። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ከአሥር ይህን ያህል ብዬ ነጥብ አልሰጥም፤ አልለቀኝ ያለውን አንድ ምስል እጽፋለሁ። ሦስተኛውን ያስተማረችኝ እማዬ ናት።

አንድ እሑድ ከሰዓት የኢራናዊውን የማጂድ ማጂዲን «ቺልድረን ኦፍ ሄቨን» ከፈትኩ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ፊልም ነው። እማዬ አጠገቤ ልብስ ታጣጥፋለች። ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ በየመሀሉ እያቆምኩ እተረጉምላት ጀመር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እጇን ወደ እኔ አወዛወዘች። «ልጄ፣ አታቋርጠኝ። የእህቱ ጫማ ጠፍቶበታል፣ አባትየው ገንዘብ የለውም፣ ልጁ መናገር ፈርቷል። ገብቶኛል፤ ተወው ይሂድ።»

ታሪኩ በእርግጥም ያ ነው። ዓሊ የእህቱን የዛህራን ጫማ ሊያሰፋ ወስዶ ሲመለስ ይጠፋበታል። ለቤተሰብ ላለመናገር በአንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ሁለቱም ይማሩበታል። እሷ ጠዋት ትማራለች፣ ስትወጣ በጠባቡ መንገድ ሮጣ ትመጣለች፣ እሱ ተቀብሏት ለከሰዓቱ ይሮጣል። በፈረቃ የተማረ ሰው ይህን ሩጫ ያውቀዋል። እኔም የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ፤ ደወሉ ሳይደወል ለመድረስ ስሮጥ ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር አስታወሰኝ።

ካልተረጎምኩ ብዬ ዝም ስል እማዬ የምታየውን ማየት ጀመርኩ። እሷ የምታየው እግር ነው። ዛህራ ትምህርት ቤት ግቢ ቆማ የሌሎቹን ልጆች ጫማ አንድ በአንድ ስታይ፣ እማዬ ልብስ ማጣጠፏን አቆመች። ጫማው ከእግሯ ወልቆ ቦይ ውስጥ ሲገባና ውሃው ይዞት ሲሄድ «ወይኔ!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ ቀጣዩን አንቀጽ ዝለሉት።

ዓሊ የሩጫ ውድድር ይገባል። የሚፈልገው ሦስተኛ መውጣት ነው፣ ምክንያቱም የሦስተኛው ሽልማት ጫማ ነው። አንደኛ ወጣ። ሁሉም ተሸክሞት ሲጨፍር እሱ ያለቅሳል። ቤት ሄዶ የቆሰለ እግሩን ግቢያቸው ውስጥ ያለው ገንዳ ውስጥ ይነክራል፤ ዓሦቹ መጥተው ይከቡታል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ልቤ ተሰበረ፤ «ምን ዓይነት አጨራረስ ነው? ልጅቷ ያለ ጫማ ቀረች እኮ» አልኩ። እማዬ ግን ፈገግ ብላለች። «አባትየው ሳይክል ላይ ያለውን ቀዩን ጫማ አላየኸውም እንዴ?» አለችኝ። ወደ ኋላ መለስኩት። እውነቷን ነው። ለቅጽበት ታይቶ የሚያልፍ፣ አንድም ቃል ያልተነገረበት ምስል ነው። የእህቱም የእሱም ጫማ ሳይክሉ ላይ አለ። በዚያን ሰዓት ዓይኔ የት እንደነበር አላውቅም።

ሦስተኛው ደንቤ ከዚህ መጣ። አንድ ፊልም ካየሁ በኋላ አሥር ደቂቃውን መርጬ ያለ ድምፅና ያለ ሰብታይትል እደግመዋለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በሲድኒ ሉሜት «ቱዌልቭ አንግሪ ሜን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ 96 ደቂቃ። ለፍርድ የተመረጡ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች በግድያ የተከሰሰ ወጣት ላይ ሊወስኑ አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው ይከራከራሉ። ይሄ ለእማዬ አልሆነም፤ ሁሉ ነገር ንግግር ነው፣ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን ተይዤ ቀረሁ። በኋላ ማብቂያው አካባቢ ያለውን አሥር ደቂቃ ያለ ድምፅ ሳየው ጣራው ይታየኛል። መጀመሪያ ላይ አይታይም ነበር! ሉሜት ካሜራውን ከዓይን ከፍታ በላይ አድርጎ ጀምሮ ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረገ ሄዷል፤ ሌንሱንም እየቀያየረ ግድግዳውን ወደ ሰዎቹ አስጠግቶታል። ክፍሉ ሲጠብ እየተሰማኝ ምክንያቱን አላወቅኩም ነበር። እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የምወደው ይሄን ነው፤ ለማንም ሰው «እየው» እላለሁ።

አስፈሪ ፊልም በጣም እፈራለሁ። «ኤ ክዋየት ፕሌስ»ን (2018) ለብቻዬ፣ መብራት አብርቼ አየሁት። ድምፅ የሰሙበት ቦታ ሁሉ የሚደርሱ አውሬዎች አሉ፤ ቤተሰቡ በምልክት ቋንቋ ይግባባል። መስማት የተሳናትን ልጅ የምትጫወተው ተዋናይትም በእውነተኛ ሕይወቷ መስማት የተሳናት ናት። ፊልሙ በእሷ በኩል ሲሆን ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል። ከአውሬዎቹ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን የደረጃው ላይ ሚስማር ነው። ቀጥ ብሎ መቆሙን እኛ አይተናል፣ እናትየዋ አላየችም። ከዚያ በኋላ ሰው በደረጃው ባለፈ ቁጥር እኔ የማየው ሚስማሩን ብቻ ነበር። አውሬዎቹ በደንብ ከታዩ በኋላ ፍርሃቴ ቀነሰ፤ ባይታዩ ይሻል ነበር።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ «ክራምብስ»ን መረጥኩ፤ እኛው ሀገር የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚነገር። ዳሎልን እንዲያ አድርጎ ያሳየኝ ሰው የለም። ታሪኩ ግን አልያዘኝም፣ ማስመሰል አልፈልግም።

የመጨረሻው ያሬድ ዘለቀ የሠራው «ላምብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም እናቱ ሞታ፣ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ያለችው ቹኒ የምትባል በግ ብቻ ናት፤ አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ልጁ እጁ ለምግብ የተባረከ ነው። ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይሸጣል። አጎቱ ወንድ ልጅ ወጥ ቤት መግባቱ አይዋጥለትም። እማዬ ሊጡን ስታይ «ይሄ ልጅ ያውቅበታል» አለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ አልተናገረችም። እኔ ቅር ያለኝ የጽዮን ነገር ነው። ያቺ ማንበብ የምትወድ ልጅ ታሪኳ ቶሎ ታለፈ፤ ራሷን የቻለ ፊልም ይወጣት ነበር።

ደብተሬ ላይ ለ«ላምብ» የጻፍኩት ምስል የልጁን እጆች ነው።

በሚቀጥለው ወር የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ተራው ነው። 140 ደቂቃ ስለሆነ በሁለት እሑድ ከፍለን እናየዋለን፤ እማዬ ካሁኑ ቀጠሮ ይዛለች። ከዚያ ወደ አስፈሪው መመለስ እፈልጋለሁ። ደም የማይበዛበት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ከእናት ጋር የሚታይ ይሁን።