የጌዴዎን ጸምርና የማክሰኞ ስልክ

«ጌታ ሆይ፣ ይህ ጋብቻ ከአንተ ከሆነ እስከ ማክሰኞ ይደውልልኝ።» እንዲህ ላለው ጸሎት ዘወትር የሚጠቀሰው እስራኤልን ከምድያም ሰዎች እጅ እንዲያድን የተላከው ጌዴዎን ነው፤ መሳፍንት 6። ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ላነበበው ግን ጥቅሱ አይገጥምም።

ጌዴዎን ጸምር፣ ማለትም የበግ ጠጉር፣ በአውድማ ዘርግቶ በጠል ምልክት የለመነው ቁጥር 36 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጌዴዎን «ሂድ» ተብሏል (14)፣ «እኔ ከአንተ ጋር እሆናለሁ» ተብሏል (16)፣ ከድንጋይ የወጣ እሳት ሥጋውንና ቂጣውን ሲበላ አይቷል (21)፣ የእግዚአብሔርም መንፈስ ወርዶበታል (34)። ሲጠይቅም «እንደ ተናገርህ» እያለ ነው። ፈቃዱን አውቆታል፤ የፈራው መፈጸሙን ነው።

የምልክቱንም አሠራር እንይ። በመጀመሪያው ሌሊት ጸምሩ ረጥቦ አውድማው ደረቀ። የበግ ጠጉር በጠባዩ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ነገሩ ለጥርጣሬ በር ይከፍታል። ጌዴዎንም ሳይገባው አልቀረም፤ «አትቆጣኝ» ብሎ በማግስቱ ተቃራኒውን ለመነ፤ ጸምሩ ደርቆ ምድሩ ይረጥብ ዘንድ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚዘረጋው የመጀመሪያውን ሌሊት ጸምር ነው፣ ያለ ጸሎትም ሊሆን የሚችለውን። ሊደውል ያሰበ ሰው መደወሉ አይቀርም።

ደግሞ ምልክቱ ፍርሃቱን አልነቀለለትም። 32,000 የነበረው ሠራዊት 300 ከሆነ በኋላ ሌሊት ወደ ምድያም ሰፈር ወርዶ የጠላት ወታደር ሕልም ሲናገር መስማት አስፈልጎታል። መጨረሻው ይብሳል፦ ከምርኮው በ1,700 ሰቅል ወርቅ ኤፉድ (የካህናት ልብስ ዓይነት) ሠራ፣ ለእርሱና ለቤቱም ወጥመድ ሆነ (8፥26-27)። በዮሐንስ 6ም በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ የጠገበው ሕዝብ በማግስቱ «ምን ምልክት ታደርጋለህ?» ነው ያለው።

(በኦርቶዶክስ ትርጓሜ ጸምሩ የእመቤታችን፣ ጠሉ የጌታ ምሳሌ ነው። በዚህ ትርጓሜ ታሪኩ የውሳኔ መንገድ አይደለም።)

ምልክት መጠየቅ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። የይሁዳ ንጉሥ አካዝ ምልክት እንዲለምን ታዞ «አልፈታተነውም» በማለቱ ተገሥጿል (ኢሳይያስ 7)። እዚያ ግን ጋባዡ እግዚአብሔር ራሱ ነበር።

ዘዳግም 13 ደግሞ የተነገረው ምልክት ቢፈጸምም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራውን ነቢይ አትስማ ይላል። መመዘኛው አስቀድሞ የተሰጠው ቃል ነው። ማክሰኞ ስልኩ ቢጮህም፣ ደዋዩ ባለትዳር ከሆነ መልሱ ከሰኞ በፊት ተሰጥቷል።