ፕራይቬት ስኩል ልናስገባ ስንል ዕቁባችን ጉድ አፈላ

ሰሞኑን አንድ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ ደውላ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ስታማርር ቆየችና መጨረሻ ላይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ «አንቺማ ምን አለብሽ፣ እዛ ገንዘብሽን ከፍለሽ የፈለግሽው ፕራይቬት ስኩል ታስገቢያለሽ፣ እንደኛ ሌሊት ተሰልፈሽ አታድሪ፣ የሚያውቅ ሰው ፈልጊልኝ ብለሽ አትለምኚ»። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ንድድ አልኩ። ለሷ በስልክ የማይነገር ስለሆነ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

የአዲስ አበባውን አልዘረዝርም ታውቁታላችሁ። አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ኤቢሲዲ በል፣ ቀለም ለይ እየተባለ ይፈተናል፣ ዩኒፎርሙን ከትምህርት ቤቱ ካልገዛችሁ አይሆንም፣ ክፍያ ሊጨምሩ ሲሉ ወላጅ ስብሰባ ይጠራል፣ ወላጅ ይጮሃል፣ ከዛ ይከፍላል። አማርኛ ሲያወራ የተገኘ ተማሪ የሚቀጣበት ትምህርት ቤት ሁሉ አለ፣ በገዛ አገሩ! እኛ ደግሞ ይሄን እንወደዋለን አትዋሹ። «የኔ ልጅ እኮ አማርኛ እምቢ አላት» ስንል ድምፃችን ውስጥ ያለችውን ኩራት አውቃታለሁ፣ እኔም ብያለሁ።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። አዛውንቶች ቤት እየሄድኩ እንከባከባለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። እዚህ ዲሲ ዙሪያ ያሉት ትልልቆቹ ፕራይቬት ስኩሎች በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ፣ ማታ ቤቱ የሚያድር ተማሪ ማለቴ ነው አዳሪ እንዳይመስላችሁ። የክሊንተን ልጅ፣ የኦባማ ልጆች የተማሩበትን ሲድዌል ፍሬንድስን የማያውቅ የዲሲ ሀበሻ ሹፌር የለም፣ ግን በሩ ላይ ሰው ከማውረድ ውጭ ጉዳይ የለንም። እኛ የሞከርነው ሌላ ነው፣ ስሙን አልጠራም።

እንዴት ወደዛ ሄድን ካላችሁ፣ የምንከባከባቸው አሮጊት የልጅ ልጆቻቸው እዛ ነው የተማሩት፣ ልጄ ጎበዝ እንደሆነች ስነግራቸው «እንደናንተ ላሉ ቤተሰቦች እኮ ገንዘብ አላቸው፣ አፕላይ አድርጉ» አሉኝ። እንደናንተ ላሉ። ሴትየዋ በቅንነት ነው ያሉት። ፋይናንሺያል ኤይድ ማለታቸው ነው፣ እውነትም አለ፣ ሙሉውን የሚሸፍኑም አሉ ይባላል። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው እሱ ከኔ ባሰ፣ ያን ምሽት ልጁን ሐኪም አድርጎ አስመርቋት ነው የተኛው።

አፕሊኬሽኑ ጃንዋሪ ይዘጋል፣ ለማመልከቻው ራሱ ይከፈላል፣ ፈተና አለ፣ የአስተማሪ ደብዳቤ አለ፣ ልጅቷ አንድ ቀን እዛ ውላ ትታያለች። ይሄን ሁሉ ልጄ እንደ ውሃ ጠጣችው። የተፈተንነው እኛ ነን። ወላጅ ለብቻው ኢንተርቪው እንደሚደረግ ቀድሞ የነገረን የለም፣ ባለቤቴ የሰርጉን ሱፍ ለብሶ ከረባት አስሮ ሄደ፣ የአድሚሽን ኦፊስ ሴትዮ ስኒከር አድርጋ ቡናዋን ይዛ መጣች። ቀድማ የጠየቀችው የአባት ስማችን ለምን እንደሚለያይ ነው። ሚስት በባሏ ስም እንደማትጠራ አስረዳናት፣ ስትሰማን አንገቷን እየነቀነቀች ነው፣ ስንጨርስ ግን «ስለዚህ ሁለታችሁም የልጅቷ ሕጋዊ ወላጅ ናችሁ?» አለች። እሺ፣ ይሁን።

ከዛ «ልጃችሁ የሚከብዳት ነገር ምንድነው?» አለች። ባለቤቴ «ምንም»። «ማለቴ ሳይሳካላት የቀረ ነገር ካለ፣ ስትወድቅ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?» ባለቤቴ ቀና ብሎ «አትወድቅም» አላት። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት፣ ይባስ ብሎ «ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ናት» ብሎ ጨመረ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ደረጃ የሚባል ነገር እንኳን የለም እኮ ከየት አመጣው! በኋላ ነው የገባኝ፣ እነሱ የሚፈልጉት «ትንሽ ታፍራለች፣ ሒሳብ ላይ ስትሳሳት ታለቅሳለች፣ እየሠራንበት ነው» የሚል ወላጅ ነው። የልጁን ጉድለት እንደ ጌጥ አድርጎ የሚያወራ። እኛ ደግሞ የልጃችንን ጉድለት ለባዕድ ማውራት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ ለጎረቤት ያልነገርነውን ለአድሚሽን ኦፊስ እንዴት እንንገር?

ሴትየዋ ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደምናወራ ጠየቀች። በአማርኛ ስንል ዓይኗ በራ፣ ሁለት ቋንቋ መቻል ትልቅ ስጦታ ነው፣ ማኅበረሰባችንን ታበለጽጉልናላችሁ ምናምን አለች። አዲስ አበባ የሚያስቀጣው እዚህ አስወደደን። ልጄ የምትችለው አማርኛ «እሺ»ን እና «አልበላም»ን መሆኑን ማን ይነግራታል። እግረ መንገዷን በየዓመቱ ወላጆች የአገራቸውን ምግብ የሚያመጡበት ቀን እንዳለም ነገረችን፣ ገና ሳንገባ እንጀራው ታዘዘ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ጉዱ የመጣው በገንዘቡ በኩል ነው።

ለፋይናንሺያል ኤይድ የምትሞሉት ፎርም ታክስ ሪተርን፣ ባንክ ውስጥ ያለ ብር፣ ቤት፣ መኪናችሁ የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል እንደሆነ ሁሉ ይጠይቃል። ኡበር የሚነዳ ሰው ደግሞ በራሱ እንደሚሠራ ነጋዴ ነው የሚታየው፣ ታክስ ላይ በነዳው ማይል ልክ ይቀነስለታል፣ 2024 ላይ ለአንድ ማይል 67 ሳንቲም ነበር። ቀን ከሌት ሲነዳ የዋለ ሰው ወረቀት ላይ ገቢው ጭላጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አላመኑንም፣ ባንክ ስቴትመንት አምጡ አሉ። ሰጠን። ስቴትመንቱ ውስጥ ምን አለ? በየወሩ አንድ ሺህ ዶላር የሚወጣበት፣ አንድ ቀን ግን 20 ሺህ ዶላር ዱብ ያለበት።

ዕቁባችን የወጣልን ወር ነበራ!

የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ በዙም ጠራን። ይሄ 20 ሺህ ከየት መጣ? ሃያ ሰው ነን፣ በየወሩ አንድ አንድ ሺህ እንጥላለን፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል አልኩት። ብድር ነው? አይደለም። ወለድ አለው? የለውም። ኢንቨስትመንት ነው? አይደለም። ታዲያ ለምን ባንክ አታስቀምጡትም? (ይሄን ለራሴም መመለስ ከብዶኛል፣ ባንክ ያለ ገንዘብ ጫማ ሲያይ እንደሚወጣ እንዴት ብዬ ልንገረው።) ውል አላችሁ? የለንም። አንዱ ወስዶ ቢጠፋስ? እዚህ ጋ ባለቤቴ ገባ፣ «አይጠፋም፣ ዋስ አለው፣ ደግሞስ የት ይሄዳል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን» አለው። ሰውዬው ዝም አለ። ቀጥሎ ፈገግ ብሎ በጣም የሚያምር ባህል ነው አለ። ቀጥሎ ከድርጅቱ ደብዳቤ አምጡ አለ።

ከየትኛው ድርጅት? ዕቁብ ቢሮ አለው? የዕቁባችን ዳኛ ፓርኪንግ የሚሠሩ አባት ናቸው፣ ጉዳዩን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁና «ደብዳቤማ እጽፋለሁ፣ ግን ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ምን ደብዳቤ ነው» ብለው የዕድሩን ማኅተም መቱበት፣ ዕድሩ ማኅተም አለዋ። ሰውዬው መልሶ በዙም ደወለ፣ ማኅተሙ ላይ የቀብር መረዳጃ ማኅበር ይላል፣ ይሄ 20 ሺህ ዶላር የሞተ ሰው ካሳ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ጋ እኔም አልቻልኩም፣ ዙሙን ሳልዘጋ ነው የሳቅኩት።

ያልሳቅኩበት ግን አለ። ወጪያችንን ሲያይ በየወሩ ለእናቴ የምልከውን 400 ዶላር አገኘው። እናቴ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ በዛ ላይ የወንድሜን ልጆች እሷ ናት የምታሳድጋቸው። «ይህን የምትልኪው በሕግ ተገደሽ ነው ወይስ በፈቃድሽ?» አለኝ። ምን ልበል? የፍርድ ቤት ወረቀት የለኝም። «በፈቃዴ» አልኩ። «እሺ፣ እንግዲያው እዚህ ጋ ነው የሚገባው» ብሎ ስክሪኑ ላይ እያሳየኝ ጻፈው፣ የጻፈበት መስመር ላይ ከላይ ቫኬሽን፣ ከታች የጂም ክፍያ አለ። የእናቴ መድኃኒት በቫኬሽንና በጂም መሐል። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ፎርሙ ውስጥ እናት የምትገባበት ቦታ ስለሌለ ነው። ግን ያን ለት ሥራ ገብቼ የሰው እናት ሳጥብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ዳይሬክተር ጉቦ ቢጠይቀኝ እሰድበዋለሁ፣ ወይ እከፍለዋለሁ፣ ይሄን ምን አድርጌ ልመልሰው? አመሰግናለሁ ብዬ ነው የዘጋሁት።

ማርች ላይ ደብዳቤው መጣ። ልጄ አልፋለች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከግማሹ በላይ ይሸፍኑልናል፣ ቀሪው 19 ሺህ በኛ ነው፣ ምሳ፣ ላፕቶፕና የክፍል ጉዞ ሳይጨመር። ከነሱ አንፃር ካየነው ትልቅ ገንዘብ ሰጥተውናል፣ አልክድም። በነሱ ሒሳብ ግን ዕቁቡ ቁጠባ ነው፣ የእናቴ ገንዘብ ደግሞ ካልፈለግን የማንልከው ነው፣ ሁለቱን ደምረው ነው ትችላላችሁ ያሉን። ባለቤቴ ማታ ማታ ጨምሬ እነዳለሁ አለ። ኮንትራቱን ሳነበው ግን ከተፈረመና የተባለው ቀን ካለፈ በኋላ ልጅቷን ብታስወጧት እንኳን የዓመቱን ሙሉ ክፍያ ትከፍላላችሁ ይላል። መኪናው ቢበላሽስ? እናቴ ብትታመምና ብሄድስ? አልፈረምንም። ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈች፣ አሁን ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ሚድል ስኩል ናት፣ ክላርኔት አበድረዋት ቤቱን በጩኸት ገልብጣዋለች። ከዛኛው ትምህርት ቤት ግን እስካሁን ኢሜይል አልተቋረጠም፣ ለዓመታዊ ፈንድ የአቅማችሁን ለግሱ ይለናል። ሙሉ ከፋዩም ወላጅ በላዩ ላይ ይለመናል አሉ፣ ልመናውማ ከኛ አገርም ይብሳል።

እና እናንተ ወደ አሜሪካ ለመምጣት ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ እየደወላችሁ «የትኛውን ፕራይቬት ላስገባው» የምትሉኝ፣ እባካችሁ ይሄን ነገር ከጭንቅላታችሁ አውጡ። እዛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማለት የድሃ ማለት ነው ተብሎ ተነግሮናል። እዚህ ግን ቤተዝዳና ፖቶማክ ያለው ሀብታም የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ብሎ ነው ሚሊዮን ዶላር ቤት የሚገዛው። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ ከኪራዩ እኩል አድራሻው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስገባ ጠይቁ፣ ሀበሻ ያለበት ሰፈር ብቻ ብላችሁ አትግቡ። እኛ ያለንበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ከውጭ ለሚመጡ ልጆች ራሱን የቻለ መመዝገቢያ ቢሮ አለው። የክትባት ካርዱን፣ የልደት ሰርተፊኬቱን፣ የትምህርት ማስረጃውን ይዛችሁ ኑ፣ እዛ ማኅተም ማስመታቱን አትርሱ፣ እዚህ ደግሞ የዕድር ማኅተም እንዳታሳዩ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላችሁም አትፍሩ፣ ከ1982 ጀምሮ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስላለ የመንግሥት ትምህርት ቤት በወረቀት ምክንያት ልጅ አይመልስም።

ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ቀኑን አስሉ። ሜሪላንድ ኪንደርጋርተን ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት መሙላት አለበት፣ ነሐሴ 26 ማለት ነው፣ የጳጉሜ ልጅ ዓመት ሊጠብቅ ነው። ቨርጂንያና ዲሲ እስከ ሴፕቴምበር 30 ይቀበላሉ። ዲሲ ከሦስት ዓመት ጀምሮ በነፃ የሚያስተምር አለ፣ በሎተሪ ነው፣ ስንት ሰው እዛ እየኖረ ለዴይኬር ሲከፍል አይቻለሁ።

አይ እኔ ፕራይቬት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ካላችሁ የካቶሊኮቹን ሞክሩ፣ የሰበካዎቹ ከትልልቆቹ በብዙ ይረክሳሉ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ ብላችሁ አትፍሩ ይቀበላሉ። ዲሲ ውስጥ የምትኖሩ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ከ2004 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ስኮላርሺፕ አለ፣ ሜሪላንድ ደግሞ ቡስት የሚባል አለው። ለኢንተርቪው ባላችሁን ከረባት አታስለብሱት፣ የልጁን አንድ ጉድለት ቤት አጥንቶ ይምጣ። አፕላይ በምታደርጉበት ዓመት ደግሞ ዕቁቡ መጨረሻ ላይ እንዲደርሳችሁ ዳኛውን ለምኑ። አይ ቀድሞ ወጥቶልናል ካላችሁ፣ ስለ ዕቁብ በእንግሊዝኛ የጻፍነው ደብዳቤ የተስተካከለው አለኝ፣ ኢንቦክስ አድርጉኝ እልክላችኋለሁ፣ ማኅተሙን ግን ራሳችሁ ፈልጉ።